ያልተበየደችው ቢጫ ሽቦ

ማዘንጊያን መጀመሪያ ያየሁት ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ በሚሉት ገበያ፣ ሬዲዮና ሞባይል በምጠግንባት ጠባብ ሱቄ በር ላይ፣ አንዲት ሰማያዊ ቦርድ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነው።

«ጋሼ፣ አርዱይኖ ያውቃሉ?» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋሉ የለ።

«ማነው እሱ? ደላላ ነው?» አልኩት።

ጠፍቶኝ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ወጣት ገና ሳይ ደሜ ስለሚፈላ ነው። አርዱይኖ የሚሏት ቦርድ የእጅ መዳፍ አትሞላም። በኮምፒዩተር ትእዛዝ ይጽፉና በገመድ ይጭኑባታል፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን እየለካች፣ ውሃውን እየለካች፣ እንደታዘዘችው ሞተር ታስነሳለች፣ አምፖል ታጠፋለች። ያዘዟትን ታደርጋለች፣ ያላዘዟትን አታደርግም። እኔ ደርግ በወደቀ ዓመት በመተማ ተሻግሬ ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ የመበየጃ ስታኞ ጭስ ስምግ፣ ሽቦ ከሽቦ ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝና አንዲት ቦርድ አይታ የምትደነግጥ ነፍስ የለችኝም።

ማዘንጊያ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ተነሥቶ መጣ። ካርቱም የሚቆየው ሦስት ወር ብቻ ነበር። ከዚያ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር፣ ከባሕር አውሮፓ። ሦስት ወሩ ግን ሦስት ዓመት ሆነ። ሶባ በሚባል ሰፈር በሚሠሩ ሕንፃዎች ሲሚንቶ እየተሸከመ ይውላል፣ አበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር ወደ ጀሪፍ ተመልሶ በተዋሰው ፍራሽ ላይ ይተኛል። ፍራሹን ለምን አትገዛም ቢሉት «ልሄድ አይደለም እንዴ» ይላል። ልብሱ ከቦርሳው ወጥቶ አያውቅም፤ ግድግዳው ላይ ለሸሚዙ የምትሆን አንዲት ሚስማር እንኳ አልመታም። ዓረብኛውም ከቁጥርና ከመዋስላት፣ ከመጓጓዣ ቃላት ማለቴ ነው፣ አላለፈም፤ ሚኒባስ ላይ ለመውጣትና ከሚኒባስ ለመውረድ ይበቃዋል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እግርህን ከርካብ ሳታወርድ እንዴት ትኖራለህ?» እለው ነበር።

«ጋሼ፣ በሚመጣው ወር ነው እኮ። ኢንሻላህ!» ይለኛል፤ ኢንሻላህ ሲል ብቻ የሱዳን ሰው ይመስላል።

ሥራውም እንደ ኑሮው ነው። ቦርዷ ያለችው አንድ ነች። አንድ ነገር ሲሠራባት ሽቦዎቹን አይበይድም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ባላት ነጭ ፕላስቲክ ላይ፣ ጫፋቸው መርፌ የሆነ ባለቀለም ሽቦዎች ይሰካና በቃ፣ ተሠራ ይላል። ያ ፕላስቲክ ለሙከራ የተሠራ ነው። አንድ ሰዓት ይሞክሩበታል፣ ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይሄዳሉ። ማዘንጊያ ግን ኖረበት። «ለምን አትበይደውም? የመበየጃው ካውያ እኔ ጋ አለ» ስለው፣ «ስሄድ ነቅዬ ይዣት እሄዳለሁ፤ እዚያ ማሳያዬ እኮ ናት» አለኝ። እዚያ ማለት አውሮፓ ነው። አውሮፓ አርዱይኖ አይቶ አያውቅም መሰለው!

ጀሪፍ ሙሐንዲስ ብሎ ስም አወጣለት። የሙሐንዲሱን ገድል ልንገራችሁ። ቤት ያከራየችው ሱዳናዊት ሐጃ ሉጥፊያ ጣሪያዋ ላይ የውሃ በርሜል አላት። በርሜሉ ሲሞላ ውሃ የሚገፋው ሞተር በራሱ እንዲጠፋ አደረገላት። ዘጠኝ ቀን ሠራ። በዐሥረኛው ቀን ሌላ ሐሳብ መጣለትና ቦርዷን ነቅሎ ሄደ፤ ሐጃም በራሱ ይጠፋል ብላ ሞተሩን አስነሥታ ገበያ ሄደች። ስትመለስ በርሜሉ ሞልቶ ፈስሶ የሽንት ቤቷን የጭቃ ግድግዳ እንደ ስኳር አሟሙቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን ከግቢዋ ታባርረው ነበር። ማዘንጊያን ግን እግዜር አንጀት የሚበላ ፊት ሰጥቶታል፤ ሐጃ ተቀምጣ ሳቀች። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ከሙያ ይበልጣል።

ሐጃ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር መሪማ የምትባል የወረባቦ ሴት ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ባለሦስት ፎቅ ቤት ሠራተኛ ሆና ደረጃ ወጥታ ወርዳለች። ጉልበቷ ሲያልቅ እመቤቲቱ ከረመዳን በኋላ ሌላ ሰው እንደምታስገባ ነገረቻት። መሪማ ከረመዳን በኋላ የምትበላበት አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሰበችው፤ ጫጩት። ካርቱም ያለ አበሻ ሁሉ በዓል በመጣ ቁጥር የበለዲ፣ የአገር ቤት ዓይነት ዶሮ ፍለጋ ይንከራተታል። ጫጩት ፈልፍላ፣ አሳድጋ፣ ጀሪፍ ተቀምጣ ትሸጣለች። ጉልበቷም ያርፋል።

እንቁላሉን ያገኘችው በርቢ ነው። ወሎ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ባለቤቱ ላሙን ወይ ዶሮውን ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያረባል፣ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ከሞተ አይከፈልም። ግን በርቢ የተሰጠ የሞተበት ሰው ሁለተኛ የሚያምነው አያገኝም። መሪማ ጀሪፍ ዶሮ ያላቸውን የአገሯን ሴቶች በር በበር እየዞረች ዘጠና ስድስት እንቁላል ሰበሰበች፤ ከአንዷ ሦስት፣ ከአንዷ አምስት። ዘጠና ስድስት እንቁላል የሚታቀፍ ዶሮ ደግሞ የለምና ወደ ሙሐንዲሱ ሄደች። ሙሐንዲሱም በአንድ ቀን «ተማም፣ አለቀ» አላት።

የሐጃን የሞተ ፍሪጅ ወሰደ፤ ሬሳውን ማለቴ ነው፣ በሩና ግድግዳው ሙቀት ይይዛል። ውስጡ አምፖል፣ ከድሮ ኮምፒዩተር የተፈታ ማራገቢያ፣ ሙቀት የምትለካ አንዲት ሴንሰር። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ሲወርድ ቦርዷ አምፖሉን ታበራለች፤ ሲያልፍ አምፖሉን አጥፍታ ማራገቢያውን ታስነሣለች። መብራት ሲሄድ ቦርዷንና ማራገቢያውን የረክሻ፣ የባጃጅ ማለቴ ነው፣ ባትሪ ይይዛቸዋል። ትእዛዙን እሱ ጻፈው እንዳትሉ። ከኢንተርኔት ቀድቶ የለጠፈው ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ያም ሆኖ ሠራ፤ አልዋሽም። በመጋቢት ሙቀት ቀን ያራግባል፣ ጧት ጧት ያሞቃል። መሪማ በቀን ሦስት ጊዜ ታገላብጣለች። በሰባተኛው ቀን በባትሪ መብራት እያሳለፈች ደም ሥሮቹን አይታ ሱቄ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ከተማው በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር። ወጣቱ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት፣ ቂያዳ ከሚሉት ቦታ ተቀምጦ ፕሬዚዳንቱ በሽር ካልወረደ አልነሣም ብሏል። ማዘንጊያን «አይተኸዋል?» ስለው «የነሱ ጉዳይ ነው ጋሼ፣ እኛ መንገደኞች ነን» አለኝ። የሚኖርበት ከተማ መንግሥት ሲቀይር እሱ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቦርሳውን አቅፎ ያያል።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን መሪማ «ጋሽ ተሰማ፣ ያንቱ ዓይን ይይልኝ» ብላ ለመነችኝና ሄድኩ። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ እንቁላሎቹን አየሁ፣ ሽቦዎቹን አየሁ። «ጥሩ ነው፣ ያምራል» ብዬ ሻይዋን ጠጥቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ጦሩ አስፈላጊ መግለጫ አለኝ አለ። ካርቱም መግለጫውን አልጠበቀችም። በሽር ወረደ ብላ ተነሥታ ጨፈረች። የሐጃ ሉጥፊያ ግቢም ተነሣ፤ ልጅ፣ አማች፣ ጎረቤት፣ ሁሉም እልል እያለ የቆርቆሮ ዚንጎውን ይደበድባል፣ መሬቱን ይመታል። ሐጃ ራሷ ፍሪጁን ከበሮ አደረገችው። መሪማ ሥራ ላይ ነበረች። ማዘንጊያ መንገደኛው እንኳ ቂያዳ ሄዶ ነበር፤ ለማየት ብቻ ነው አለኝ ኋላ።

ያን ጊዜ ከሴንሰሯ የምትመጣው ቢጫ ሽቦ ከቀዳዳዋ ወጣች። ቦርዷ ሙቀቱ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም። መልስ ስታጣ ምን ታድርግ የሚል ትእዛዝ ደግሞ ሙሐንዲሱ አልጻፈላትም፤ የቀዳበት ሰው አልጻፈውማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሷንም ጨምሩ። የጧቱን የመጨረሻ ትእዛዝ ይዛ ቀረች፤ አምፖሉ በርቷል፣ እንደበራ ይሁን። ውጭው አርባ ሁለት ዲግሪ ገብቷል፣ ውስጡ አምፖል ይነድዳል። በየቀኑ ለስድስት ሰዓት ያህል የሚጠፋው መብራት ያን ቀን አንዲት ደቂቃ አልጠፋም።

መሪማ ከሰዓት በኋላ በሩን ስትከፍተው ፊቷን እንፋሎት መታት። ዘጠና ስድስቱም ተቀቅሏል። ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው።

አላለቀሰችም። ማዘንጊያ በፊቱ ላይ የሱዳን ባንዲራ ተቀብቶ ሲገባ፣ አንዱን እንቁላል ሰብራ፣ ላባ ያወጣውን አሳየችው።

«አንተ መንገደኛ ነህ፣ አልፈርድብህም» አለችው። «እንቁላል ግን መንገደኛ አይደለም። ሃያ አንድ ቀን የሚቀመጥለት ይፈልጋል። ዶሮ እንኳ ያን ያህል ትቀመጣለች፣ ማዘንጊያ።»

ይህን ኋላ የነገረችኝ ራሷ መሪማ ናት። እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው፤ ደርሼም ሽቦው ለምን መበየድ እንደነበረበት፣ ያ ነጭ ፕላስቲክ ለምን እንደተሠራ፣ ማራገቢያው ሲንቀጠቀጥ ሽቦ እንደሚያላላ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱ መሬት መሬት እያየ ይሰማል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ሦስት ዓመት ስናገር የቆየሁት ትክክል ሆኖ ሲገኝ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

መሪማ ከረመዳን በኋላ እመቤቷን ለምና ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። እመቤቲቱም ተቀበለቻት፤ የጣሪያውንም እጥበት ጨመረችላት። ጎረቤት ሴቶች «አላህ ይተካ» አሏት፤ ሌላ እንቁላል ግን ማንም አልሰጣትም።

በዚያው በረመዳን ማብቂያ ቂያዳ የተቀመጠው ወጣት በደም ተበተነ። ኢንተርኔቱም ተቆረጠ፤ ከወር በላይ። እኔም ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ኢንጂነሩም አብሮ ጠፋ እያልኩ ሳፌዝ፣ አንድ ቀን ማዘንጊያ ሱቄ መጣ።

«ጋሼ፣ ካውያውን ያውሱኝ።»

«ምን ልትተኩስበት? ሸሚዝህ እንደሁ ከቦርሳ አይወጣ።»

«ልበይድ ነው።»

«አትሄድም እንዴ? በሚመጣው ወር ነው አላልክም?»

«እሄዳለሁ» አለ። «ብቻ መጀመሪያ ልበይድ።»

ሰጠሁት። ሱቄ ጥግ ተቀምጦ ሦስት ቀን በተበላሹ ሬዲዮዎች ላይ ተለማመደ። ያ መበየድ ነው? የፍየል በጠጥ ነው የሚመስለው! ጣቱን አቃጠለ፣ ሱሪውን አቃጠለ። እኔ ደግሞ በገባ በወጣ ደንበኛ ፊት «አንተ ሙሐንዲስ፣ ዛሬስ ምን አጠበስክ?» እያልኩ አዋረድኩት። በሦስተኛው ቀን ሽቦዎቹ ሁሉ ከቦርዷ ጋር አንድ ሆኑ። ሥራው አስቀያሚ ነው፤ ግን ጎተትኩት፣ አልነቃነቅ አለ። ትእዛዙንም ኢንተርኔት ስለሌለ የሚቀዳበት አጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያልነካውን ነገር ቁጭ ብሎ አሰበበት። ሁለት መስመር ጨመረ፤ ከሴንሰሯ መልስ ካጣሽ አምፖሉን አጥፊ፣ ጩኺ። ለመጮኺያ ደግሞ የረክሻ ጥሩንባ አሰረላት።

እንቁላሉንም የለመነው እሱ ነው። መሪማ አፍራ አልወጣም ስትል፣ ራሱ በየበሩ ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም፤ በኔ ስም ስጡኝ» አለ። የኔ ስም! በስሙ ሲም ካርድ እንኳ የሌለው ሰው! ሰማንያ አራት ሰጡት።

በሐምሌ መጨረሻ እንቁላሎቹ ፍሪጁ ውስጥ ገቡ። በዐሥራ አራተኛው ቀን ጦሩና ሲቪሎቹ ስምምነት ፈረሙ ተባለና ካርቱም እንደገና ለጭፈራ ወጣች፤ የሐጃም ግቢ እንደገና። ሐጃ ዚንጎውን ደበደበች፣ ፍሪጁንም አልማረችውም። እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማዘንጊያ ግን ከፍሪጁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ አንዲት ጣቱን ቢጫዋ ሽቦ ላይ አሳርፎ ነበር። ሽቦዋ ንቅንቅ አላለችም።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሰምሳሪው ደወለለት። ለሊቢያ መኪና የሚጭነው ደላላ ማለት ነው። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ካልመጣ ሌላ ሰው ይወስዳል። ማዘንጊያ ካውያውን ሊመልስልኝ ሱቄ መጣ። ቦርሳውን ተሸክሟል።

«ቦርዷስ?» አልኩት። «ማሳያህ አልነበረች?»

«ተበይዳለች እኮ ጋሼ። ብቆርጣት ይሞታሉ።»

«አምስት ቀን ነው የቀረው፤ አምስት ቀን መጠበቅ አቅቶህ? ሦስት ዓመት ተኩል ከተጎለትክ በኋላ?» ጮህኩበት። ለምን እንደጮህኩበት አላውቅም። እንዲቀር ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ አፌ ግን ቅር ማለት አይችልበትም።

ፈገግ አለ። ከዚያ ካውያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከካውያው ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ፍሪጁን ሲያዩ፣ ሽቦዋ ላልታ አይተዋት ነበር?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልዬ እንዳለፍኩ ልናገር። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ መሪማ ሻይ ስታፈላ፣ ቢጫዋ ሽቦ ከቀዳዳዋ እኩሌታዋ ወጥታ አይቻታለሁ። በጣቴ ጫፍ ብገፋት ትገባ ነበር። አልገፋኋትም። ልሰካት እጄን ዘርግቼ፣ ልተውለት፣ ይውደቅና ይማር ብዬ መልሼ ሰበሰብኩት። ስለ መሪማ ጉልበት አላሰብኩም፤ ስለ ዘጠና ስድስቱ አላሰብኩም። ትክክል መሆኔ ብቻ ነበር የታየኝ።

«የትኛዋን ሽቦ?» አልኩት።

«ግዴለም» አለ። እጄን ሳመና ሄደ።

ከሰማንያ አራቱ ሰባ አንድ ተፈለፈሉ። መሪማ ለባለ እንቁላሎቹ እኩሌታውን በየበራቸው አድርሳ፣ እመቤቷን ደህና ሁኚ ብላ፣ በሳምንቱ አንዲት የሬዲዮ ካርቶን ይዛ ሱቄ መጣች። ካርቶኗ ውስጥ ሁለት ጫጩት ይጮኻሉ።

«ያንቱ ናቸው» አለችኝ። «ለማዘንጊያ ሁለት ጫጩት ቃል ገብቼለት ነበር። ሲሄድ ‹ድርሻዬን ለጋሼ ተሰማ ስጪልኝ፤ መበየድ ያስተማሩኝ፣ ሽቦዋንም ቀድመው ያዩ እሳቸው ናቸው› ብሎ አደራ ብሎኛል። አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሽ ተሰማ። ያንቱ ዓይን ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ካርቶኗን ተቀበልኩ። አፍሬ መሬት ዋጠኝ። ካርቶኗን ይዤ ወደ ሱቄ ጀርባ ገባሁ።

ከማዘንጊያ እስካሁን ወሬ የለም። ቦርዷ እዚያው ፍሪጅ ላይ ናት፤ መሪማ በየወሩ ትፈለፍልባታለች። የኔዎቹ ሁለቱም ሴቶች ሆነው፣ ከጎረቤቴ አውራ ዶሮ ጋር ከሱቄ ጀርባ እየዋሉ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉን ሰብስቤ በየሁለት ሳምንቱ ጀሪፍ እወስድላታለሁ፤ በርቢ ነው እላታለሁ፤ ጫጩቱን ስታመጣልኝ ግን አልቀበላትም። ለምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ሽቦዋን ላልታ አይቻት፣ ሳልገፋት እንደተውኳት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።